ግንቡን ባለማየቴ ከመርከብ ስለ መከልከሌ

ለተከበሩ አቶ ፋልክ ሄረንበርገር፣
የወርቅ መልህቅ የመርከብ ጉብኝት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ደረጃ ይወጣልዎታል? እንቅልፍዎስ ደህና ነው? እኔ ኒደርዛል ውስጥ፣ ራይን ወንዝ ዳር ባለችው ቤቴ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደንቡ ያህል ብቻ አይደለም። ከእናንተ አንዱ በወንዙ ማዶ ታሞ ቢተኛ ሌላው ሊጠይቀው በምን እንደሚሻገር አስቤ፣ ያ ነገር በቤትዎ እንዳይደርስ ስለምሰጋ ነው።

ባለፈው ሰኞ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ በራስጌው ያለችው መልህቅም በእውነት ታበራለች። ትምህርት ቤት የቆየሁት ስምንት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውንም ከሰበካው ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ለራሴ ስላነበብኩ፣ በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። «ለግንብ ጉብኝት የተሰጠን ትኬት ለግል ጉዳይ በማዋል፣ ያለ ፈቃድ ከቡድን በመለየትና መርከቡን ዘጠኝ ደቂቃ በማስቆም» ጥፋተኛ ሆኜ ስለተገኘሁ፣ የጉብኝቱ ወቅት እስኪያበቃ በመርከብዎ እንዳልሳፈር ተከልክያለሁ። ወቅቱ የሚያበቃው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። የሰማንያ አምስት ዓመቷ እህቴ ሮስቪታ ግን፣ ሐኪሟ እንደሚለው፣ የዘንድሮን የወይን ለቀማ አታየውም። እኔ ደግሞ ሳትሞት የምነግራት አንድ ነገር አለኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሳልነግራት የኖርኩት ነገር ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማዋረድ እንዳይመስልዎት። ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ስለበዛም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. ስለ መንገዱ። ሮስቪታ የምትኖረው ካልደነክ በሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከቤቴ ትይዩ ነው። ከኩሽናዬ መስኮት ሆኜ የመጦሪያውን መጋረጃዎች መቁጠር እችላለሁ፤ የእሷ ከግራ አራተኛው ነው። በመካከላችን ያለው ውሃ ብቻ ነው። ድሮ ሰው የሚያሻግረው ባለቤቴ ኤመሪሽ ነበር፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ጀልባዋም አብራው ጡረታ ወጣች። ድልድይ የሚገኘው ኮብለንዝ ነው። በፌብሩዋሪ በዚያ በኩል ልዞር ሞክሬ፣ ሁለተኛው ባቡር ጣቢያ ላይ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ሁለት ፖሊሶች በመኪና ወደ ቤቴ መለሱኝ። አንደኛው «እማማ፣ በዚህ ብርድ ብቻዎን ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለኝ። «እዚያ ማዶ» ብዬ ከመኪናው መስኮት አሳየሁት። «አይ፣ እሱማ ቅርብ ነው!» ብሎ ሳቀ። እንግዲህ ዛሬ በሁለቱ መንደሮች መካከል የሚመላለሰው የእርስዎ የሐሙስ የሽርሽር መርከብ ብቻ ስለሆነ፣ አራት መቶ ሜትር የማይሞላ ውሃ ለመሻገር የወይን ጠጅ ቅምሻ፣ የአኮርዲዮን ሙዚቃና የግንብ ጉብኝት ያለበት ትኬት እንድቆርጥ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። አኮርዲዮኑ ጥሩ ነበር።

፪. ስለ ሃምሳ ደቂቃው። መርከቡ ግንቡ ሥር የሚቆመው ሃምሳ ደቂቃ ነው። መጦሪያው ከግንቡ ጀርባ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። በእኔ ጉልበት መውጫው ሃያ አራት ደቂቃ፣ መውረጃው አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚቀረኝ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ይህም አንድን ዕድሜ ለመናገር በቂ መሆኑን በሚገባ አጥንተው እንደወሰኑት አልጠራጠርም። በመጀመሪያው ሐሙስ ስደርስ ሮስቪታ ተኝታ ነበር። አስታማሚዋ ማርሊስ «ልቀስቅሳት እንዴ?» አለችኝ። «ተዪያት፣ ትተኛ» አልኩ። በብርድ ልብሱ ላይ እግሯን ይዤ አሥራ አንዱን ደቂቃ ቆሜ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ስወርድ ቀሎኝ ነበር። ይህን እንደ ቅሬታ አይቁጠሩብኝ።

፫. ስለ አስጎብኚዋ። በሁለተኛው ሐሙስ ቀይ ጃንጥላ የምትይዘው አስጎብኚዎ እንደ ዝይ ቆጥራን ስታበቃ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ወይዘሮ፣ ቡድን ማለት ቡድን ነው! አንድ ሰው ቢጎድልብኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» እህቴ እዚያ ላይ ታማ ተኝታለች ብላት፣ «የእኔም እናት ታማለች፤ እኔ ግን ይኸው ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝ። ስለዚህ ሰማንያ ሁለት ዓመት ከመስኮቴ ሳየው የኖርኩትን ግንብ ጎበኘሁ። የብረት ልብሱን አየሁ፣ መድፉን አየሁ፣ በፍቅር ምክንያት ከማማው ስለ ዘለለችው ልጃገረድ ሰማሁ። «የአምስት መቶ ዓመት እስር ቤት» ወደተባለው ጉድጓድ ስንወርድ ግን አላስቻለኝም። ይህማ የድንች ማስቀመጫ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ እኔና እህቴ በቅርጫት እያመላለስን ሞልተነዋል አልኩ። አስጎብኚዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማማ፣ እባክዎን ታሪኩን አያበላሹብኝ፤ ሰዎቹ ደስ ብሏቸዋል» አለችኝ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

፬. ስለ ዘጠኙ ደቂቃ። ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሱኝ። በሦስተኛው ሐሙስ ባለ ጃንጥላዋ ፊቷን እስክታዞር ጠብቄ አመለጥኩ። ከኮሎኝ የመጡ የቦውሊንግ ማኅበርተኞች የግንቡ አጥር ላይ ተደርድረው ወይን ይቀምሱ ነበር። «ኧረ አሮጊቷን እዩልኝ፣ ወዴት ነው የምትሮጠው?» አለ አንዱ። «ላይ ውሽማ ሳይኖራት አይቀርም!» አለ ሌላው። «በይ ቶሎ በይ እናቴ፣ ሌላ ሳትቀድምሽ!» ሮስቪታ ይህን ብትሰማ እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ ዳገቱን በሃያ ሁለት ደቂቃ ወጣሁት።

ነቅታ ነበር። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያወቀችኝ በእጄ ነው።

«ኦቲ፣ እጅሽ ቀዝቅዟል። በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸታም! አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸት አይሆንልሽም» ብላ ሳቀች።

አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ጉልበቴ ነገርኳት። እንደገና ከፈትኩ፤ ስለ ጓሮዬ የፕለም ዛፍ ነገርኳት። ሦስተኛ ስከፍት የመርከብዎ ጡሩምባ፣ ሊነሣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንደሚያደርገው፣ ከታች ጮኸ። «ሂጂ፣ ጥለውሽ ይሄዳሉ» አለችኝ። አልሄድኩም። ዘጠኝ ደቂቃ ጨምሬ ተቀመጥኩ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱን ሁሉ በሰዓት ሰሌዳዎ ላይ ጥዬ በሰላም እተኛ ነበር። ያ ዘጠኝ ደቂቃ ግን የእርስዎም የአስጎብኚዎም አልነበረም፤ የራሴ ነበር። እሷ ነቅታ፣ እጄ በእጇ ውስጥ ሆኖ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ አልነገርኳትም። ብርድ ልብሷን አስተካክዬላት ወረድኩ።

መርከቡ ላይ ስደርስ ባለቤቴን የሚያውቁት ካፒቴን በተሳፋሪው ሁሉ ፊት «ወይዘሮ ብራይደንባህ፣ ኤመሪሽ ቢኖር ያፍርብዎት ነበር። እሱ ሰው አስጠብቆ አያውቅም» አሉኝ። ካፒቴንዎን አይቆጧቸው። ካሰቡት በላይ እውነት ተናግረዋል፤ እርሳቸው ግን አያውቁትም። እስከ ዛሬ ማንም አያውቀውም።

በእኛ ዳርቻ መሻገር የሚፈልግ ሰው እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ከማዶ «አሻግሩኝ!» ብሎ ይጣራ ነበር። አሻጋሪ ሾርባው ላይ ቢሆን፣ ሠርግ ላይ ቢሆን፣ የሚጣራ ሰው ጥሎ አይቀመጥም። ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ኤመሪሽ እስኪሞት ድረስ «የተጣራ ሰው ጥዬ አላውቅም» ይል ነበር፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይም ይኸው ተጽፏል። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

በኖቬምበር 1967 እናታችን በእኔ ቤት ልትሞት ተኝታ ነበር። ሮስቪታ የማዶ ሰው፣ ያውም ፕሮቴስታንት ድንጋይ ጠራቢ ስላገባች እናታችን «ደጄን እንዳትረግጥ» ካለች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ጠዋት ጭጋግ ወንዙን ሸፍኖት ሳለ ከማዶ ድምፅ መጣ። «አሻግሩኝ! አሻግሩኝ!» እናታችን ሁለት ቀን ያልከፈተችውን ዓይኗን ከፈተችና «ሮስቪታ ናት። ልጄን አምጡልኝ» አለች።

አምስት ዓመት ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያጎረስኳት እኔ ነኝ። በአምስቱ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብላ አልጠራችኝም። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድባልበት አይደለም፤ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ወደ ጀልባ ቤቱ ወረድኩ። ኤመሪሽ ውስጥ ሆኖ ሳንቃ ይመታ ነበር። መዶሻውን አቁሞ «ሰው የተጣራ መሰለኝ፣ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «የድንጋይ ካባው ሠራተኞች ናቸው፤ ሰክረው ይቀልዳሉ። በዚህ ጭጋግ አትውጣ» አልኩት። አመነኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተጣራች። መስኮቱን ዘጋሁት። ለእናቴም «እየመጣች ነው» አልኳት። ዓይኗን በሩ ላይ እንደ ተከለች ሞተች።

በቀብሩ ቀን ሮስቪታ ክንዴን ይዛ «ጠርታኝ ነበር?» አለችኝ። «አልጠራችሽም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለገናና ለፋሲካ ተገናኝተናል፣ ኬክ ተላልከናል፣ ባሎቻችንን ቀብረናል፤ ስለ እናታችን ግን አንሥተን አናውቅም። እናቷ ሳትፈልጋት እንደ ሞተች አምና ሃምሳ ሰባት ዓመት ኖራለች።

፭. ስለ ክልከላው። ትልቁ ምስጋናዬ ይህ ነው። በስልክ እንዳልነግራት ጆሮዋ ይደክማል፤ እንዲህ ያለ ነገርም እየጮኹ አይነገርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የጻፍኩላትን አሥራ አንድ ደብዳቤ ሳልልክ ቀደድኩ። በመርከብዎ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሳልነግራት ተመለስኩ። እርስዎ በሩን ሲዘጉብኝ ግን፣ ማርሊስ በየቅዳሜው ከቁርስ በኋላ ይህን ጋዜጣ በመጦሪያው አዳራሽ እንደምታነብላቸው ትዝ አለኝ። ግማሾቹ በደንብ ስለማይሰሙ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። መርከብዎ የማያደርሰኝ ቦታ ጋዜጣው ይደርሳል፤ አንዴ ከታተመ ደግሞ ልቀደው አልችልም። ትናንት ለማርሊስ ደውዬ፣ ቅዳሜ ሮስቪታን በተሽከርካሪ ወንበሯ አምጥታ አጠገቧ እንድታስቀምጣት ለምኛታለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አሁን አውቃለች፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ማርሊስ፣ ንባብሽን አታቋርጪ።

ሮስቪታ፣ እማማ ጠርታሽ ነበር። በድምፅሽ ለየችሽ። «ልጄን አምጡልኝ» ነው ያለችው። ያላሻገርኩሽ እኔ ነኝ። ኤመሪሽ አላወቀም፤ እሱን እንዳትቀየሚው። እማማ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንቺን ስትጠብቅ ነበር። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ ይህን ለማለት ነው ሃምሳ ሰባት ዓመት የፈጀብኝ።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የማይመለከትዎትን የቤተሰብ ጉዳይ ስላስነበብኩዎት ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ መርከቦችዎ ድንጋይ እንዳይነካቸው፣ ወይንዎ እንዳይኮመጥጥ፣ ጎብኚዎችዎም ሁሉ አንድ ሳይጎድሉ ተቆጥረው እንዲመለሱ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የመርከብዎ የቀድሞ ተሳፋሪ፣
ኦቲሊየ ብራይደንባህ፣ የአሻጋሪው የኤመሪሽ ሚስት የነበርኩ
ኒደርዛል

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ይህን ሰምታ «ትምጣ» ካለች፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መቆሚያዎ ላይ ቆሜ ያገኙኛል፤ መመለስ ካለብኝም እባክዎን ሠራተኛ አይላኩ፣ ራስዎ መጥተው ይመልሱኝ። «አትምጣ» ካለች ግን ምንም አይቸገሩ፤ ክልከላዎ እስካሁን ያጣውን ምክንያት ያን ጊዜ ያገኛል።