እጅ ብቻ ያለበት ገጽ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሱቅ። ከጠዋት ጀምሮ ሜሞሪ ስሞላ ዋልኩ። የጨፋ ገበሬ ማሽላውን እያስገባ ነው፣ የመጣው ሁሉ መንዙማ ጫኚልኝ ይላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ቦታ ከተረፈ ያቺን የጀልባዋን ልጅም ጨምሪልኝ» አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ።

«የጭጋግ ጀልባ» የሚሉት የጃፓን ካርቱን ፊልም ከተማውን ይዞታል። እሁድ እሁድ ጋሽ ፈቃደ ቪዲዮ ቤት፣ ከኳስ በፊት ይታያል። አኒሜው የሚያወራው በጃፓንኛ፣ ከስር የሚጻፈው በእንግሊዝኛ። ማይክ ይዞ ወደ አማርኛና ኦሮምኛ የሚመልሰው ሳምሶን ነው። ባጃጅ ነጂው ሳምሶን። የሰፈሬ ልጅ፣ አብሮ አደጌ... ስንጨቃጨቅ ያደግን።

እኔ ደግሞ ማንጋውን ጨረስኩት። ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት የተሳለውን፣ ዋናውን። ከቴሌግራም አውርጄ፣ አንድ ገጽ ሳልዘል። ከሚሴ ውስጥ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣ! ሳምሶንም ሞክሮ ነበር። ማንጋ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ እኔ ቁርኣን ቤት ላደግኩት ምን ይከብደኛል? እሱ ከግራ ጀምሮ አንብቦት «ልጅቷ ሰምጣ ሞታ ተነሳች» እያለ ባጃጅ ተራውን ሁሉ አሳምኖ ነበር።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

መብራት የለም፣ ሥራ የለም። ስልኬ ላይ በተረፈችው ባትሪ ምዕራፍ ዘጠኝን ደገምኩት። እሁድ የሚታየው እሱ ነው። እንዳያበላሹት ብቻ...

ኅዳር 8፣ እሁድ

አበላሹት።

ልጅቷ የጠፋ አባቷን ፍለጋ ብቻዋን ወደ ጭጋጉ ልትቀዝፍ ነው። እናትየው አትሂጂ ስትል ከርማለች፣ ተኳርፈዋል። በመጨረሻ ግን ባሕሩ ዳር ትመጣለች። ማንጋው ላይ ይህ አንድ ሙሉ ገጽ ነው፦ ሁለት የተዘረጉ መዳፎች። ቃል የለም፣ ፊት እንኳ የለም። እጅ ብቻ፣ መረብ ሲጎትት የተሰነጣጠቀ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ፊልሙስ? ሙዚቃ። ፀሐይ ስትጠልቅ። እናትየው ታወራለች፣ ታወራለች... ሳምሶን ደግሞ ያቀልጠዋል፦ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ፣ ያላየሁት አገር በእኔ ዓይን ይይሽ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ...» ድምፁ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ትወናው!

አላስቻለኝም። ከኋላ ተነስቼ «ዋናው ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም!» አልኩ።

ሳምሶን በማይክ፦ «ታዲያ ምን ትላለች፣ ወይዘሮ ዋናው?»

«ምንም!»

«ምንም ብዬ ልተርጉም?»

ቤቱ ሳቀብኝ። እኔን! ሰው ሲወጣ ጋሽ ፈቃደ ሁለታችንን ጠሩን። «ጠባችሁን ወድጄዋለሁ፣ ሰው ይጠራል። ሳሚያ፣ በሚቀጥለው እሁድ ያንቺን ወረቀት በቲቪው አሳዪ። ሰው ከወደደልሽ የመጨረሻው ክፍል ላይ ማይኩ ያንቺ ነው። ካልወደደልሽ ግን ሁለተኛ ከኋላ አትጩሂብኝ።»

ተስማማን። ማይኩን እወስደዋለሁ። አለቀ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እማ ሰማች። የሰማችው ደግሞ ባቲ ገበያ ሄዳ። ባቲ! ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማል እኮ።

«ሴት ልጅ፣ ወንድ በሞላበት ቤት ማይክ ይዛ?»

«አንቺስ ወዳጃ ላይ ያ ሁሉ ሰው ፊት ታወሪ የለ እንዴ?»

«እኔ የማወራው ዱዓ ነው!»

እሱስ እውነቷን ነው፣ ወዳጃ የዱዓ ስብስብ ነው። ለሙሽራ፣ ለወላድ፣ ለመንገደኛ... እናቴ ሀዲጃ ካልመረቀች ነገሩ የሞላ አይመስላቸውም። እኔ አፏን ወረስኩ፣ ምርቃቱ ቀረብኝ። «ሥዕል ነው የማሳየው እማ» አልኳት። «መጥቼ አያለሁ። ደስ ካላለኝ ከመሐል ጎትቼሽ ነው የምወጣው» አለች።

ታደርገዋለች ወላሂ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቆራርጬ ፍላሽ ላይ ጫንኩ። በኋላ አላየሽውም እንዳልባል ፊልሙንም ደገምኩት። አልክድም፣ ማዕበሉ በፊልሙ ይበልጣል። ወረቀት ላይ ማዕበሉ ቆሟል፣ ፊልሙ ላይ ሆድ ይገለብጣል። ጭጋጉም ቢሆን... ጠዋት ጠዋት ቦርከና ወንዝ ላይ የሚተኛውን ቁርጥ። ግን ፊልሙ ሰው እንዳይሰለቸው ይፈራል። አንድ ደቂቃ ዝም ማለት አይችልም። (እንደኔ? ኤዲያ!)

የእጁ ገጽ ላይ ግን ድርድር የለም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አልፈራሁም። ምሳ ብቻ አልበላሁም።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ቤቱ ጢም ብሏል። እማ ብቻዋን መች መጣች! የወዳጃ ሴቶቿን አስከትላ። ወንዶቹ ብድግ ብድግ ብለው ወንበር ለቀቁ፣ ጋሽ ፈቃደ ላብ በላብ።

ጀመርኩ። ሥዕል አሳያለሁ፣ እተርካለሁ። የልጅቷ ጎረቤት ሽማግሌ ላይ ሳቁልኝ፣ የእናትና ልጅ ጠብ ላይ አንዷ ሴት «ወይ ልጅ!» አለች። እሺ፣ ይዣቸዋለሁ። ከዚያ እጆቹ መጡ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ይህ እጅ ምን እንደሆነ፣ ሠዓሊው ለምን ፊቷን እንደተወው... ሸምድጄዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። እጆቹን አየሁ። ማይኩን አጠፋሁት።

ጸጥ። አንዱን አሳለው። አሁን ይስቁብኛል፣ አለቀልኝ፣ ምናለ ባወራ... እያልኩ ሳለ ከሴቶቹ በኩል «አሚን» አለ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ፣ አሚኑም አሜኑም ተቀላቅሎ። በር ላይ የቆመ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቋል።

ጋሽ ፈቃደ ሰውን መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ሳምሶን ራሱ መጥቶ «ማይኩ ያንቺ ነው፣ አሸነፍሽ» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ግን እናትየዋን አፏን ዘጋሽባት» ብሎ ወጣ።

ምን ማለቱ ነው? መሸነፍ ከብዶት ይሆናል።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

እማ ታሞግሰኛለች ብዬ ጠብቄ ጠብቄ... በመጨረሻ ራሴ ጠየቅኳት።

«ጥሩ ነው። እጇን አሳምሮ ስሏታል።»

ይህ ብቻ? የፊልሙን እናት በስልኬ ከፈትኩላት፣ እየተረጎምኩ። ልዩነቱን እንድታይልኝ ነው እንግዲህ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ለእኔ ይኼኛው» አለች።

«እማ! አንቺም? ትናንት ሰው ሁሉ አሚን ሲል አልሰማሽም?»

«አሚን ያለው ቃሉን ስለሚያውቀው ነው። አንቺን በየጠዋቱ መርቄ ነው ያሳደግኩሽ፣ እጄን ስታዪ ቃሉ በጆሮሽ ይመጣል። የሚመርቀው ሰው የሌለውስ? እጅ አይቶ ምን ይሰማል?»

«እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ማን አለ?»

«የብፅዓት ልጅ።»

ሳምሶን። እናቱ የሞተችው ጡት ሳይጥል ነው። አላውቅም አልልም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አክስቱ እትዬ ወለተገብርኤል አበሉት፣ አስተማሩት፣ ግን እሳቸው ቁጡ ናቸው፣ ምርቃት አያውቁም። ያ የተንቀጠቀጠ ድምፅ... እኔ ትወና አልኩት። ደነዝ!

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ባጃጅ ተራ ሄድኩ።

«አካም፣ ወይዘሮ ዋናው» አለኝ።

«ንዳ።»

«ወዴት?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ከከተማው ስንወጣ ጠየቅኩት። ያንን ምርቃት ከየት አመጣኸው? ፊልሙ ላይ ያለው ግማሹ ነው፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዞር ሳይል፦

«እናቶች ልጆቻቸውን መናኸሪያ ሲሸኙ ባጃጅ ውስጥ ይመርቃሉ አይደል? ደስ ያለኝን እይዛለሁ። ለልጆቻቸው ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔም ከፊት ተቀምጫለሁ።»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

«አንዱማ የእናትሽ ነው» አለ። «ደሴ ኮሌጅ የሄድሽ ቀን። ያላየሁት አገር በእኔ ዓይን ይይሽ። ከሁሉም እሱን ነው የምወደው።»

ያን ቀን እኔ ሻንጣዬ ከባጃጁ እንዳይወድቅ ስይዝ ነበር። አንድ ቃል አልሰማሁም። የራሴን ምርቃት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰምቼ፣ ዋናው ላይ የለም ብዬ ጮኽኩበት!

የመጨረሻው ክፍል እሁድ ነው። ማይኩ የእኔ ነው። ምን እንደማደርግበት አውቃለሁ።

ኅዳር 22፣ እሁድ

ዛሬ አለቀ። ማይክ ይዤ ተረጎምኩ፣ ጥሩም ተረጎምኩ፣ ጋሽ ፈቃደ ራሳቸው መስክረዋል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ጭጋጉ ውስጥ መንገድ ጠፋት። ማንጋው እዚህ ጋ ነጭ ገጽ ነው፣ ምንም የሌለበት። ፊልሙ ግን የእናትየዋን ድምፅ ይመልሰዋል። ያኔ ባሕሩ ዳር ያለቻትን ሁሉ።

ከፊት ለተቀመጠው ሳምሶን ማይኩን አቀበልኩት።

«ምን ላድርገው?»

«ተርጉም።»

«ዋናው ላይ የለም እኮ።»

«ተርጉም አልኩህ!»

ጀመረ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ክፉ አይንካሽ። እንቅፋት አይምታሽ። ከዚያ፣ ያላየሁት አገር በእኔ ዓይን ይይሽ... ሲል እማ ከኋላ ብድግ አለች። ቃሏን አወቀችው። ከየት እንዳገኘው አልነገርኳትም ነበር።

ቲቪውን አላየችም። እሱን ነው የምታየው። እጆቿን ዘረጋች፦ «ያላየሁት አገር በእኔ ዓይን ይይህ፣ ልጄ። የሄድክበት ይቅናህ። ነጋን ገሊ።»

ሳምሶን ማይኩን ዝቅ አደረገው። ፊልሙ በጃፓንኛ ቀጠለ፣ ተርጉሙልን ያለ ሰው የለም።

አሁንም ማንጋው ይበልጣል እላለሁ፣ ማንም መጥቶ ይከራከረኝ። ከዚች ቦታ በቀር። እዚች ቦታ ላይ ከሁሉም ቀድሜ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።