ስለ አባቷ የጠየቃት አስተማሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017፣ ሮብ ገበያ

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ልጄን ትርንጎን ቤት ውስጥ የማስተምራት እኔው ነኝ። የማኅበራችን ሴቶችም ልጆቻቸውን እዚሁ ያመጣሉ። ከማርቆስ ከተማ መጽሐፍ እያመጣ ሒሳብ የሚያስተምርልን አንድ ወጣት አለ። ማን እንደላከው ስንጠይቀው "በጎ ፈቃደኛ ነኝ" ከማለት አያልፍም።

ዛሬ ውሃ ላቀርብለት ስገባ ትርንጎን በለሆሳስ "አባትሽ የት ነው የሚያድረው?" ሲላት ሰማሁ።

"ይኼ ደግሞ የየትኛው ትምህርት ነው?" አልኩት።

"ለጨዋታ ነው እትዬ፤ እንዳትፈራኝ ብዬ ነው" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሄደ በኋላ "ምን ብለሽ መለስሽለት?" አልኳት።

"ሞቷል አልኩት።"

ክው አልኩ። ባሌ በሕይወት አለ፤ የት ተሸሽጎ እንደሚያድርም ልጅቷ ታውቃለች። እንዲህ በይ ብሎ ያስጠናት ሰው ግን የለም።

ሰውየው ይቅርብን ብል ማኅበርተኞቼ "ልጆቻችን ማባዛትና ማካፈል የቻሉት በሱ አይደለም ወይ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ምናልባትም ክፋት የሌለበት ልጅ ይሆናል። እንጃ።

ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። ትርንጎ ከአሁኑ "እማዬ፣ አባዬ በምን ሞተ ልበለው?" እያለች ትጠይቀኛለች።