ጡረታ ያልወጣው ድምፄ

ለክቡር የውሃ ሥርጭት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ከሰኞ ጀምሮ በቢሮዎ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ሲያነጋግሩ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ ለብ ያለ ውሃ በብዛት እንዲጠጡ፣ ውሃ ካለ ማለቴ ነው፣ ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ በድርጅትዎ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ሠላሳ አራት ዓመት ስልክ ሳነሳ የኖርኩት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ስልከኛዋ» የሚለኝ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ ደንበኛ ሲደውል የሚሰማውን የስልክ መልእክት ማን እንደለወጠው የሚያጣራ ኮሚቴ ማቋቋምዎንና መልእክቱን የጫነው ቴክኒሻንም ከሥራ ሊታገድ መሆኑን በመስማቴ ነው። ኮሚቴውን ላሳርፈው። የሦስት ልጆች አባት የሆነው ቴክኒሻን ምንም አላጠፋም፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ደግሞ ጊዜዬ የተትረፈረፈ በመሆኑ በዝርዝር አስረዳለሁ።

1ኛ. ስለ ሽኝቴ። በዕለቱ ባደረጉት ንግግር «የድርጅታችን ድምፅ» ብለው ሲጠሩኝ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ስሜ ጠፍቶብዎት መሆኑን ጸሐፊዎ በኋላ ባትነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬም ባልደረቀ። ሠላሳ አራት ዓመት ስልክ ላነሳች ሴት የጠረጴዛ ስልክ መሸለምም እንዲሁ ከማንም ጭንቅላት የሚፈልቅ ሐሳብ አይደለም። ስጦታው ከነካርቶኑ አልጋ ሥር በክብር ተቀምጧል።

2ኛ. ስለ ዕረፍቴ። ክቡርነትዎ ሲደርስዎት ያዩታልና አላበዛብዎትም፤ ነገር ግን ስልክ ሲጮህ እየሰሙ አለማንሳትን የመሰለ ደስታ በዚህ ዓለም ላይ የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወንበሬ ላይ ተደላድዬ እስኪያቆም ድረስ አዳመጥኩት፤ ከማተሚያ ቤት ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣው ባለቤቴ እየሮጠ መጥቶ ሲያነሳና «ላንቺ ነው» ሲለኝ፣ የለችም እንዲላቸው በምልክት እነግረው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ወደየሥራው ሲጣደፍ፣ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን በተቃራኒው አቅጣጫ እንንሸራሸራለን፤ ሰው እየገፋን ሲያልፍ ይቅርታ የምንጠይቀውም እኛው ነን፣ ምክንያቱም ያለን ነገር ጊዜ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ አራት ጊዜ ጀምሬው አራት ጊዜ አርባኛው ገጽ ላይ ስልክ የጮኸብኝን ወፍራም ልብ ወለድም ሁለት መቶኛው ገጽ አድርሼው ነበር። ይህ ሁሉ የቆየው ለአንድ ወር ከአሥር ቀን ነው።

3ኛ. ስለ ድምፄ። ከመሰናበቴ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከቢሮዎ በመጣ ትእዛዝ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ድምፄ ተቀድቶ ነበር። ለመታሰቢያ ነው ተባልኩ፤ እኔም ሞኟ ፀጉሬን ሁሉ አበጣጥሬ ሄጄ፣ «ውሃ የተቋረጠባችሁ ደንበኞች ሁለት ቁጥርን ተጫኑ፤ ጉዳያችሁ እየታየ ስለሆነ በትዕግሥት ጠብቁ» የሚለውን ከወረቀቱ ላይ አሳምሬ አነበብኩ። ወረቀቱ ለመታሰቢያነት ትንሽ ደረቅ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ግን ሰፈራችን ውሃ የጠፋ ጊዜ ነው።

ውሃው በጠፋ በአራተኛው ቀን፣ በሕንፃችን የታችኛው ወለል የምትኖረው የመንታዎቹ እናት ባዶ ጀሪካኗን እንዳንጠለጠለች ሦስት ፎቅ ወጥታ በሬን አንኳኳች። እንደ እህቴ የማያት፣ ልጆቿንም ሲወለዱ የታቀፍኩላት ሴት ናት። «እትዬ፣ እዚህ ቤትዎ ቁጭ ብለው ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ በስልክ ጠብቂ የሚሉኝ?» አለችኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ ብላት፣ ማሽን ነው ብላት፣ ማሽን እንደዚህ አይለሰልስም ብላ ጀሪካኗን እያንኳኳች ወረደች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታ ነፈገችኝ።

እኔም ነገሩን ላጣራ ብዬ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ራሴን ሳዳምጥ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀኝ፤ ከራሴ ጋር ነው አልኩት። «ታዲያ ምን አለችሽ?» አለኝ። «ጠብቂ አለችኝ።» «እንግዲያው ጠብቂያ፤ እሷ ዋሽታ አታውቅም» ብሎኝ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

ክቡርነትዎ፣ እሱ ለጨዋታ ብሎ የተናገረው ቃል ለእኔ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሆነብኝ። በዚያች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ያልኩትን ሰው መስመር ላይ ጥዬው አላውቅም፤ የሚመለከተውን ሠራተኛ ካጣሁ፣ አጣሁት ብዬ እመለስ ነበር። ሰውም ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ሌላ ሰፈር ሱቅ ገብቼ ጨው እንዲሰጠኝ ባለሱቁን ስጠይቅ፣ አጠገቤ የቆሙ አዛውንት ዘወር ብለው ድምፄን አወቁት። ዘጠኝ ቀን እንደጠበቁ፣ ነገር ግን ያቺ ሴት እየታየ ነው ካለች እየታየ መሆን አለበት ብለው ለሌላ ሰው ሳይናገሩ መቆየታቸውን ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

4ኛ. ስለ አቤቱታዬ። ድምፄ ከስልኩ ላይ እንዲነሣልኝ ላቀረብኩት ማመልከቻ በሦስት ሳምንት ብቻ መልስ ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። በመልሱ እንደተገለጸው፣ ድምፄ ከሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮችና ከአንድ ማራገቢያ ጋር በድርጅቱ ቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሳያበቃ ማስወገድ አይቻልም። ዕድሜዬን ሙሉ ከማራገቢያ እኩል ታይቼ ስለማላውቅ ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

የሰፈራችን ውሃ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። «መፍቻ» የምንለውን የቧንቧ ጥገና ሠራተኛ፣ የድሮ ባልደረባዬን፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት፤ መጥቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ለጥገና ተዘግቶ ተረስቶ የቀረ መስመር ከፈተልን። የመንታዎቹ እናት የዚያኑ ዕለት ልጆቿን አጥባ፣ ከነርጥብ ፀጉራቸው ይዛቸው መጥታ ታረቀችኝ፤ እኔም ቅር ሳልሰኝ ታረቅሁ። ነገር ግን መንደሩ በሙሉ የውሃው ቁልፍ በእኔ እጅ ነው ብሎ ስለደመደመ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጮኸው ስልኬ ሳይሆን በሬ ሆነ፤ ስልክን አለማንሳት ይቻላል፣ በር ግን ይዋል ይደር እንጂ መከፈቱ አይቀርም። መጽሐፌም ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ተገትሮ ቀረ።

5ኛ. ስለ ጥፋቴ። ባለፈው ሳምንት የሥራ ሰዓት በመለወጡ አዲስ መልእክት እንዲቀዳ፣ ሕዝቡም ስለለመዳት ያችኑ ሴትዮ ጥሯት ብለው ማዘዝዎን ቴክኒሻኑ ደውሎ ነገረኝ። የክት ልብሴን ለብሼ መጣሁ። ቴክኒሻኑ መቅጃውን ከፍቶ እንዳስቀመጠኝ ላይኛው ፎቅ ፈልገውት ወጣ። ጠረጴዛው ላይ «መልእክቱ ተደምጦ ጸድቋል» የሚል ቅጽ አየሁ፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ ከነማኅተሙ አለ። መልእክቱ ግን ገና ከአፌ አልወጣም ነበር። ሥራ አስኪያጅ ያልተናገርኩትን ሰምቶ ካጸደቀልኝ፣ የተናገርኩትንማ እንዴት ይጠላዋል ብዬ፣ አንዲት ቃል ሳልዋሽ እንዲህ አልኩ፦

«ውሃ የተቋረጠባችሁ ደንበኞች፣ ምንም ቁጥር መጫን አያስፈልጋችሁም። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሁለተኛው በር፣ ሥራ አስኪያጁ አሉ። ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባላችሁ የስብሰባው አዳራሽ ቀጥሎ ያለው በር ነው፤ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ቢሯቸው ውስጥ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ስድስት ወንበሮች አሉ፤ ለአረጋውያን ቅድሚያ ስጡ።»

ቴክኒሻኑ ተመልሶ ልስማው ወይ ሲለኝ፣ ቅጹን አሳይቼ፣ የጸደቀ ነገር ምን ይሰማል አልኩት። እሱም ፊርማዎን አክባሪ ሰው ስለሆነ እንዳለ ጫነው። ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ ይኸው ነው።

መፍቻ እንዳጫወተኝ፣ ከሰኞ ወዲህ ባሉት አምስት ቀናት ተዘግተው የተረሱ ሰባት መስመሮች በትእዛዝዎ ተከፍተዋል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተከፈቱት ሁለት ናቸው። ሱቅ ውስጥ ያገኘኋቸው አዛውንትም ሦስት ፎቅ ወጥተው እንዳገኙዎት፣ መጀመሪያ ላይ እርስዎ ጠረጴዛዎ ሥር የወደቀ እስክሪብቶ ሲፈልጉ ስለነበሩ ጥቂት መጠበቃቸውን፣ ከዚያ ግን በመልካም ሁኔታ እንዳስተናገዷቸውና ውሃቸው በማግስቱ እንደመጣ ነግረውኛል። እነሆ፣ ለካ ሥራውን ይችሉበታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው ሳገናኝ እንደዚህኛው የተሳካልኝ መስመር የለም።

ስለዚህ ቴክኒሻኑ ከሥራው እንዳይታገድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቅጣቱ ለእኔ ይሁን፤ ከሥራ ሊያባርሩኝ ቢሹ ግን ራስዎ በንግግርና በጭብጨባ ስላሰናበቱኝ የቀረ ሥራ የለም።

ጤናዎንም ትዕግሥትዎንም ያብዛልዎ፤ የኮሪደርዎ ወንበሮችም አይጉደሉብዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ስልከኛዎ፣ የአሁኑ ቋሚ ንብረትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአስቸኳይ መጥቼ ሌላ መልእክት እንድቀዳ ትናንት መኪና ከነሾፌሩ ስለላኩልኝ ክብር ይስጥልኝ። እንዳለመታደል ሆኖ ጊዜ የለኝም፦ ሰኞ እንቅልፍ አለብኝ፤ ማክሰኞ ከባለቤቴ ጋር እንንሸራሸራለን፤ ረቡዕ ምንም ላለመሥራት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሐሙስ ከረቡዕ ድካም አርፋለሁ፤ ዓርብን ገና አላቀድኩትም፣ ለማቀድም አልቸኩልም። ሾፌርዎን ግን ባዶ አፉን አልሸኘሁትም፤ ሻይ እየጠጣ ቤቱ ውሃ ከጠፋ አሥራ አንደኛ ቀኑ መሆኑን አጫወተኝ። የት መሄድ እንዳለበት ነግሬዋለሁና፣ ነገ ጠዋት መኪናዎ ዘግይታ ብትመጣ አይቆጡት፤ ሰልፉ ላይ ነው።