ሽቶ ሳይቀቡ የኖሩት የእትዬ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ብዙዎቻችን «እትዬ ቆይ» እያልን የምንጠራቸው እህታችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አባታቸው የተፈታ ሰዓት ላይ ሲያጎነብሱ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። እሳቸውም ከጎናቸው ቆመው አብረው መያዝ ለመዱ፤ ይህ ልማድ ኋላ ማይክሮስኮፕ ላይም አልለቀቃቸው።

ትምህርታቸውን በትጋት ተከታትለው በ1971 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት በዲግሪ ተመረቁ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ፣ ታናሽ እህታቸውን ጸጉሯን እየጎነጎኑ፣ የቤት ሥራዋን እያዩ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በ1974 ዓ.ም. ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል።

ለረጅም ዓመታት በሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል ካገለገሉ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ወደ መካንነት ሕክምና ማዕከል ተዛወሩ። ሥራቸው በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዙ ፅንሶችን መጠበቅ፣ ወደ እናት ማህፀን የሚገቡበት ቀን ሲደርስም ከቅዝቃዜው ማውጣት ነበር። ባለቤታቸው ደስታቸውን ሊገልጹ ሽቶ ገዝተው አመጡላቸው። ፅንስ ባለበት ክፍል ግን ሽቶ አይገባም፤ ሽታው ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ሽቶዋ እንደታሸገች ቁም ሣጥን ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ጠረን ያለው ሳሙና እንኳ ቤት አልገባም። ባለቤታቸውም ቫርኒሽ የነካውን ልብሳቸውን በረንዳ ላይ ሳያወልቁ ደፍ አይረግጡም ነበር፤ «ከገዛ ቤቴ ያስወጡኝ ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የጓጉ ጥንዶች ሲያጣድፏቸው «ቆይ፣ አንቸኩል» ይሉና ጥያቄያቸውን ይጀምራሉ፦ ፅንሱ ሲቀዘቅዝ የእናቲቱ ዕድሜ ስንት ነበር? ፅንሱስ ምን ያህል ጠንካራ ነው? የማህፀኑ ሽፋን በቂ ውፍረት አለው? ሆርሞኑ በቀኑ ተጀምሯል? ይህ ሁሉ ተሟልቶም ፅንሱ ላይያዝ እንደሚችል አይደብቁም ነበር።

ይህ ጥንቃቄያቸው ከሁሉ የከበዳቸው በ1998 ዓ.ም. ነው። ታናሽ እህታቸው በዚያው ማዕከል ለማርገዝ ሁለት ጊዜ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ የቀረቻቸው አንዲት ፅንስ ብቻ ነበረች። ቀኑ ሲደርስ የማህፀናቸው ሽፋን ሳስቶ ተገኘ። ሐኪሙ መሞከር ይቻላል አሉ። እትዬ ቆይ ግን ፅንሷ አንዴ ከቅዝቃዜው ከወጣች መመለሻ የላትም ብለው፣ ወር እንዲጠብቁ እህታቸውን ለመኑ። እህታቸውም «አንቺ የወለድሽ ስለሆንሽ ነው ቆዪ የምትይኝ» አሏቸው። እየመረራቸው እሺ ቢሉም ወሩን ሙሉ አላነጋገሯቸውም።

በሚቀጥለው ወር ሽፋኑ ወፈረ። ፅንሷን ትንፋሻቸውን ይዘው ከቅዝቃዜው ያወጧት እትዬ ቆይ ነበሩ። ያቺ ፅንስ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የተዘጋጀች ልጃገረድ ሆና ከመካከላችን ቆማለች። እህታቸው ሕፃኗን ታቅፈው ይቅርታ ሊጠይቋቸውና ሊያመሰግኗቸው በሄዱ ጊዜ፣ እትዬ ቆይ ምስጋናውን አልተቀበሉም። «ያን ጊዜ ብናደርገውም ይያዝ ይሆን ነበር፤ አናውቅም። እኔ የማውቀው መጠበቅ እንደምንችል ብቻ ነበር» አሏቸው።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ሽቶዋን ግን ያኔም አልከፈቷትም፤ ሳይቀቡ መኖሩን ለምደውታል። ከዓመት ወዲህ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ባለቤታቸውን «አምጣት እንግዲህ፤ አሁን የምጎዳው የለም» አሏቸው። ባለቤታቸው አምጥተው ቢሞክሩም የቆየው ክዳን አልላቀቅ አላቸው። እህታቸው ተቀብለው ከፈቷት፤ ከጆሯቸው ሥርም ቀቧቸው።

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤተሰባቸው እንደከበባቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። መልካቸውን የማያውቁ ብዙ ልጆችም በየቤቱ አሏቸው። አሁን ከአስክሬናቸው አጠገብ ስትቆሙ የሚሸታችሁ ያችው ሽቶ ናት።

ለሰው ልጅ ሲሉ በትዕግሥት የጠበቁትን እህታችንን፣ ፈጣሪ ደጅ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።