ታብና አቶ ከድር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ወልቂጤ

አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

ጠዋት የክሊኒካችን የካርድ ክፍል ሲስተም ቆመ። እንደገና ላስነሳው ብዬ ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ትዕዛዙን መጻፍ ጀመርኩ፤ የሲስተሙን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ጽፌ ታብ የሚባለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ታብ ቀሪውን ስም ራሱ ይሞላል። እኛ ጋ ግን የካርዱም የላብራቶሪውም ሲስተም ስም አጀማመሩ አንድ ነው። ስለዚህ የጋራውን ሞልቶ፣ ሁለቱን ስም አሳየኝና ቆመ። የቱን እንደምፈልግ እስክነግረው ይጠብቃል።

ኃላፊዬ አቶ ከድር መጠበቅ አያውቅም። ከኋላዬ ቆሞ «ጨርሺው እንጂ!» አለና በትከሻዬ ላይ እጁን ሰዶ አንዲት ፊደል ጨመረ። ታብ። ከዚያ ትዕዛዙን የሚያስፈጽመው ኢንተር። የቱ ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። በካርዱ ፈንታ የላብራቶሪውን ሲስተም አጥፍቶ አስነሳው! ገና ሴቭ ያልተደረገው ውጤት ሁሉ ጠፋ።

ከጉብሬ የመጡ አንዲት እናት ለሁለተኛ ጊዜ ክንዳቸውን ለመርፌ ዘረጉ። «ምነው ልጄ፣ የቅድሙ ደሜ አልበቃ አለ?» አሉኝ።

ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ። አቶ ከድር በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ልጅቷ ቸኩላ ነው» አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። ብድግ አልኩ።

«አቶ ከድር፣ እርስዎ…»

እጁን አነሳ። «ይቅርታ ልትይ ነው፤ ገብቶኛል። ይቅር ብዬሻለሁ።»

አጨበጨቡለት። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ እስካሁን የተቀመጥኩ አይመስለኝም።