የሯጩ ቀለበት

ሳህሉ ወዳጄ፣

እዚህ ነቀምቴ «ሩጫ አእምሮ ይስላል» የሚሉ ጎልማሶች ማኅበር አላቸው። ሰብሳቢያቸው መምህር ዮሚፍ ዛሬ ረፋዱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከሊሊሴ ጋር ቀለበት ሊያስር ቀጠሮ ነበረው። በማለዳ ግን «ጭንቅላቴን ላፍታታ» ብሎ ሰዎቹን በቁልቁለቱ እስከ ዲጋ ከተማ አስሮጠ። ስልክና ገንዘብ ይከብዳል ተብሎ ነቀምቴ ቀርቷል። እኔ በተኮናተርኩት ባጃጅ፣ ሙዜን እየላጥኩ ተከተልኳቸው።

ዲጋ ሲደርሱ «መመለሻችሁስ?» አልኳቸው። ባዶ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ሊሊሴ ትገድለኛለች!» አለ ዮሚፍ።

እኛ ደብረ ብርሃን ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ እንኳ ከመውረዱ በፊት መውጫውን ያያል።

እሱን በባጃጄ አደረስኩት፤ የቀሩት አእምሯቸውን በዳገቱ እየሳሉ ይመጣሉ። ቀለበቱን እንዳሰረ ምን አለ መሰለህ? «በሰዓቱ የደረስኩት በሩጫ ነው!» እድምተኛው ሁሉ አጨበጨበለት።

ካርዱ ጠበበኝ። ለእትዬ ንጋት ሰላም በልልኝ፤ አንተም አደራህን፣ ከወንበርህ እንዳትነሣ።

ፍስሐ