ከኋላ ያለ አይቆጠርም

ዶርሴት፣ ረቡዕ ኦገስት 27

የምወድሽ ልጄ ፊሊፓ፣

እንዴት ነሽ? እዚያ ኒውዚላንድ ብርዱ ለቀቃችሁ? እኛ ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ተውኩት።

ዘንድሮ ዝናብ የሚባል ነገር ጠፋ። ነጭ የጠመኔ ድንጋይ በሆነው ኮረብታችን ላይ ሣሩ ደርቆ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። አባትሽ ግን ሳምንታዊውን የቢራቢሮ ቆጠራ አላቋረጠም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያንኑ መንገድ። ዓይኑ ስለደከመ እኔ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ እጽፍለታለሁ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፦ ፀሐይ ከሌለ ቆጠራ የለም፤ ከፊት ያለው እንጂ ከኋላ ያለ አይቆጠርም።

ጁላይ ላይ «ሰማያዊ፣ አራት» አለኝ። ቀና ብል የእሾህ አበባ ብናኝ እንጂ ምንም የለም። «ጻፊ እንጂ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለኝ፤ ጻፍኩ። በሳምንቱ ዘጠኝ አለ፤ በሌላው አሥራ ሰባት። አእምሮው ከዳው ብዬ ደመደምኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ላንቺም ጭምር።

ኮረብታውን የገዛው ሰውዬ ሰማያዊው ቢራቢሮ እያለ እንዳያርስ በሕግ ተከልክሏል፤ ከጠፋ ግን ሊያርሰው ነው። ከግርጌው ቀያይ ችካል ተክሎ ይጠብቃል። እስካሁን የያዘው የኛ ቆጠራ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ጆስሊን ደወለች፤ የአውራጃውን ቆጠራ የምትሰበስበው ሴት ናት። «ምን ዓይነት ተአምር ነው እናንተ ጋ ያለው? ሌላው ኮረብታ ሁሉ ባዶ ነው። ሐሙስ መጥቼ በዓይኔ ልየው» አለችው። አባትሽ ስልኩን አስቀምጦ «ሐሙስ ይደምን ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ሲለምን የኖረ ሰው! ያኔ ገባኝ። አእምሮው ደህና ነው፤ እያወቀ ነው የሚዋሸው። ይህን ሳውቅ የባሰ ፈራሁ፤ አንዲት ቁጥር አዛብቶ የማያውቅ ሰው አልነበር?

ትናንት ወጣን። መንገዱን ስናጋምስ «ሃያ ሁለት» አለ።

«የት አሉ፣ በርናርድ?» አልኩት።

በቆጠራ ላይ ዞሮ የማያውቀው ሰው ዞሮ አየኝ። «አንዴ ከታረሰ'ኮ የሚመለሱበት የላቸውም፣ ሙሪየል» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ብቻውን ወጣ፤ የብስኩቱን የቆርቆሮ ሳጥን በብብቱ ሸጉጦ ነበር። እኔ ፎቅ ላይ ልጠራርግ ስወጣ አያትሽ ቢራቢሮ አድርቆ በመርፌ የሰካበትን ባለ መስታወት ሳጥን ተከፍቶ አገኘሁት። ሕፃን ሳለሽ በመስታወቱ ላይ አፍንጫሽን ለጥፈሽ የምታያቸው ሰማያዊዎቹ አንድም አልቀሩም። መርፌዎቹ እንደተሰኩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የተሰበሩ እግሮች ቀርተዋል። ይዟቸው የወጣው ሣሩ ላይ ሊያስቀምጣቸው ነው።

ጆስሊን ደረቱ በመርፌ የተበሳ ቢራቢሮ ሣር ላይ ብታገኝ ምን እንደሆነ ለማወቅ መነጽር አያስፈልጋትም። ሠላሳ አንዱም ዓመት ያኔ ውሸት ይሆናል። ኮረብታውም አይተርፍም። ተከትዬው እንዳልወጣ ጉልበቴ ዳገቱን ብቻዬን አይችለውም። ሲመለስ ምን እንደምለው አላውቅም።

ይህ ሲደርስሽ ሐሙስ አልፏል። ስትደውዪ ስለ ጤናው ጠይቂው፣ ስለ ልጆችሽ አጫውቺው፤ ስለ ቢራቢሮ ግን አታንሺበት። አምላክ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅልኝ፤ ከምታፍሪበት ቀን ይሰውርሽ።

አሁን የአጥሩ በር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ መጣ መሰለኝ። ራዲዮው ነገ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው ብሏል።

እናትሽ ሙሪየል